ከበረቱ ጀርባ የበቀለው ቡልቱግ

የአክስቴ ባል ስለ ከብት መኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጽፈዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንዲት ላም እንኳ በእጃቸው አብልተው አያውቁም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ሥራቸው አልነበረም። ሥራቸው ሪፖርት መጻፍ ነበር፤ በሪፖርት ደግሞ ላም አትጠግብም።

በመሥሪያ ቤታቸው የወጣላቸው ቅጽል ስም «ከዚህ አኳያ» ነው። ያለዚህ ቃል አንደበታቸው አይፈታም። ሻይ ሲያምራቸው እንኳ «ከዚህ አኳያ አንድ ብርጭቆ ቢገኝ» ይላሉ። እኔ ግን ጋሼ ነው የምላቸው።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም። ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለበት መስኮት ቀጥ ብሎ የሚያየው የአክስቴን በረት ነው። በመሃላችን ያለው የቆርቆሮ አጥር ግማሹ ዘሟል፣ ግማሹ ደግሞ ሊዘም ቀጠሮ ይዟል። ስለዚህ ከምነግራችሁ አብዛኛው ከወንበሬ ሳልነሳ ያየሁት ነው። የቀረውን አክስቴ ቀሚስ ልትለካ ስትመጣ ነግራኛለች። ባለፈው ዓመት ብዙ ቀሚስ ለክታለች፤ ያሰፋችው ግን አንድ ነው።

አክስቴ ስድስት የሚታለቡ ላሞች አሏት። ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ተነስታ ታልባለች፣ ጋጣውን ትጠርጋለች፣ ወተቱን ለሆስፒታሉ ወጥ ቤትና ለሠፈሩ ሰው ታደርሳለች። ሦስት ልጆቿ በዚያ ወተት አድገው፣ በዚያው ተምረው፣ ሌላ ከተማ ገብተዋል። ጋሼ በበኩላቸው ቢሮ ቁጭ ብለው «የወተት ላም ለቤተሰብ ኑሮ ያላት ፋይዳ» የሚል ስልሳ ገጽ ጽፈዋል። በእግራቸው ያለው ጫማ የተገዛው በዚያው ፋይዳ መሆኑን ግን የትም ገጽ ላይ አልጠቀሱም።

ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ከእንግዲህ የትም መድረስ ለማይጠበቅበት ሰው የሚገባ ስጦታ ነው። በማግስቱ ወንበርና ማስታወሻ ደብተር ይዘው በረት ገቡ።

በመጀመሪያው ሳምንት አክስቴ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አሳለፈችው። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ወንበራቸውን ከአንዷ ላም ጅራት ሥር አደረጉና «ከዚህ አኳያ የአተላለቡ ሂደት ክፍተት ይታይበታል» አሉ። ክፍተቱን ሳይጨርሱ ላሟ በጅራቷ ፊታቸውን ጠረገችላቸው።

አክስቴ ከማለቢያው በርጩማ ሳትነሳ ጠየቀቻቸው። «ስለ ቡልቱግ ስንት ጊዜ ጽፈሃል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ዝራው። ከበረቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ያንተ ነው። ይሄን በጋ ላሞቼ ድርቆሽ ሲያላምጡ ማየት ሰልችቶኛል።»

ቡልቱግን ለማታውቁት፣ ማሽላ የሚመስል፣ እሸቱ ግን እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ቀጥ ብሎ የሚቆም እህል ነው። ሰው ፍሬውን ይበላዋል። ለከብት ከሆነ ግን እሸት ሳያወጣ፣ ቅጠሉ ለስላሳ ሳለ ይታጨዳል፤ ከሥሩ ስንዝር ያህል ከተተወለት ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሌላው ሣር ሁሉ በሐሩር ሲያር እሱ ያኔ ነው የሚደሰተው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አክስቴ ናት። ጋሼን ብጠይቅ ኖሮ እስካሁን መግቢያው ላይ ነበርን።

ጋሼ ለመዝራት መጀመሪያ ዕቅድ አወጡ። በዕቅዱ ላይ የዘር ቀን ተጽፏል፤ ያ ቀን ደረሰ፤ ብርዱ ግን ገና አልወጣም ነበር። አክስቴ አፈሩ ውስጥ እጇን ከትታ ትንሽ ቆየችና «ቀዝቃዛ ነው፣ ገና ነው» አለች።

«እጅ መለኪያ አይደለም» አሉ ጋሼ።

ቆፋሪ ተቀጠረ። ዘሩ ከጤፍ ከፍ ያለች ደቃቃ ፍሬ ናት፤ ጋሼ ግን ሌባ እንዳያገኛት ይመስል እንደ ባቄላ አርቀው አስቀበሯት። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በሃያ ሁለተኛው ቀን ጋሼ ማሳውን ዞረው ቆጠሩና አሥራ ሦስት ቡቃያ አገኙ። ደብተራቸው ላይ «አበረታች ጅምር» ብለው ጻፉ።

ሙቀቱ ጠንክሮ አፈሩ መዳፍ ሲያሞቅ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ የተረፈውን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። መሬቱን አለስልሳ ዘሩን በተነችው፤ ከላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ጎተተችበትና አፈር በስሱ አለበሰችው። ከዚያ በጎማ ውሃ አጠጥታ ወደ ላሞቿ ተመለሰች። ሁሉም ነገር እኔ አንድ የሱሪ ዚፕ ቀይሬ ሳልጨርስ አለቀ። በአምስተኛው ቀን ማሳው አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ።

ያኔ ጋሼ ምልክት ሰሌዳ አሠሩ። «የተሻሻለ የበጋ መኖ ልማት ማሳያ» ይላል፤ ሠዓሊው ቦታ አጥሮት «ማሳያ» የምትለዋን ቃል ቁልቁል ጻፋት። ከሥሩ የአስተባባሪው ስም አለ። አስተባባሪው ማን እንደሆነ ገምቱ። የዘራችው ሴት ስም የለም፤ ለሱም ቦታ ሳያጥር አልቀረም።

ቡልቱጉ ወገብ ሲያልፍ አክስቴ ማጭዷን ሳለች። ጋሼ መንገድ ላይ ቆሙባት።

«አሁን ከታጨደማ ምኑን ያዩታል? የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለጉብኝት ይመጣሉ። እሸት ያላወጣ ቡልቱግ ፎቶ ላይ ሣር ነው የሚመስለው።»

«ላሞቹ ፎቶ አይበሉም።»

«ከዚህ አኳያ የገጽታ ግንባታውንም ማየት ያስፈልጋል።»

ተከራክረው ተከራክረው መሃሉን በገመድ ከፈሉት። ወደ በረቱ ያለው የአክስቴ፣ ወደ መንገዱ ያለው የገጽታ ግንባታው ሆነ። አክስቴ የራሷን በየዕለቱ እያጨደች አበላች፤ አጭዳ ስትጨርስ የመጀመሪያው መልሶ ጉልበት ደርሶ ይጠብቃታል። የጋሼ ወገን ከሰው ቁመት አልፎ፣ አገዳው እንደ ሸምበቆ ጠጥሮ፣ እሸት አወጣ። የአካባቢው ወፍ ሁሉ እየመጣ ጎበኘው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቀድሞ መሆኑ ነው።

የአክስቴ ላሞች ወተት በአሥር ቀን ውስጥ ግልጽ ሆኖ ጨመረ። ደስታው ግን አልሰነበተም። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሴት የወተቱን ቢዶን ከፍታ አየችና «ስልባቦቱ ሳስቷል። ውሃ ታክይበት ጀመር እንዴ?» አለቻት። አክስቴ ያን ቀን እኔ ቤት መጥታ ቀሚስ ሳትለካ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት ወተት ያቀረበች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ «ቡልቱጉ ነው» አለች። «ብቻውን ሲበላ ወተት ያበዛል፣ ቅባቱን ግን ያቀጥናል።» ከማግስቱ ጀምራ ጠዋት ጠዋት ለላሞቹ ድርቆሽ ታስቀድምላቸው፣ ቡልቱጉን ከዚያ በኋላ ታስከትልላቸው ጀመር። ስልባቦቱ ተመለሰ። ጋሼ በደብተራቸው «የተከሰተው ተግዳሮት በተቀናጀ ርብርብ ተፈትቷል» ብለው መዘገቡ። የተቀናጀው ርብርብ አክስቴና አንድ እቅፍ ድርቆሽ ነበሩ።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ይጠገናል ተብሎ ለሦስት ቀን ተዘጋ፤ ሦስቱ ቀን አንድ ወር ሆነ። ሰማዩም አልተባበረ። የቡልቱጉ ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። አክስቴ ማጨዷን ትታ ወደ ድርቆሹ ተመለሰች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ወሩ ሲያልቅ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ሳይታሰብ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት ማሳው ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ ለምልሞ፣ ሞት ያልጎበኘው መስሎ ተነሳ። ዓርብ ደግሞ ጎብኚዎቹ መጡ።

ስምንት ሆነው በሁለት መኪና ነው የመጡት። ኃላፊው ድሮ የጋሼ ምክትል የነበረ፣ ጋሼ ፊደል ሲያርሙለት የኖሩ ሰው ነው። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ መነጽሩን ማሳው ውስጥም አላወለቀም። ሰሌዳውን አነበበ፣ ወፎቹ ያራቆቱትን እሸት ዳበሰ፣ «ድንቅ ነው» አለ። ፎቶ አንሺው ግን አልረካም፤ እንስሳ ያስፈልገዋል።

«እስቲ አንድ እቅፍ ይታጨድና ላሞቹ ሲበሉ እንይ» አለ ኃላፊው።

ከሾፌሮቹ አንዱ ማጭድ አነሳ። አክስቴ ከበረቱ ወጥታ ገንዳው ፊት ቆመች። እጇ ላይ የወተት አረፋ ነበረ።

«ዛሬ አይበላም» አለች።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እናት፣ አይፍሩ። የሚመርዘው የማሽላ ቡቃያ ነው። ቡልቱግ ያ መርዝ የለበትም፤ ተጠንቶ ያለቀ ጉዳይ ነው።»

«ያኛው የለበትም። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ አገዳው ውስጥ የሚጠራቀም ሌላ አለ። ሳምንት፣ አሥር ቀን ማለፍ አለበት።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ገጽ አሥራ አራት» አለች አክስቴ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። «የየትኛው መጽሐፍ?» አለ ኃላፊው።

አክስቴ ወደ ባሏ በአገጯ አመለከተች። «የሱ።»

ወደ በረቱ ተመለሰችና ከማለቢያ ዕቃው መደርደሪያ አንድ ጥራዝ ይዛ ወጣች። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ ላይ የወተት ቀለበት ያለበት የጋሼ ሪፖርት ነው። ገልጣ ሰጠቻቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ። እኔ በመስኮቴ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አንገቴን አስግጌ ነበር። ጋሼ የራሳቸውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ «ከዚህ አኳያ» ብሎ ይጀምራል፣ መሃሉ ላይ ሁለት «በመሆኑም» አለበት፤ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ግን አክስቴ ያለችውን ነው የሚለው። ናይትሬት የተባለው ነገር ከታች አገዳው ላይ እንደሚጠራቀም፣ ከብት በብዛት ከበላችው ደሟ አየር መሸከም አቅቶት እንደምትወድቅ ይናገራል። ሥሩ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ጋሼ ያን መስመር ለረጅም ጊዜ አዩት። መጻፋቸውን ረስተውት ነበር።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ያው ለፎቶ ያህል ነው። አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋታል?»

ጋሼ ቀና አሉ። «አይበላም» አሉ።

ያቺ ቃል፣ እኔ እስከማውቀው፣ ጋሼ በሕይወታቸው የተናገሯት አጭሯ ዓረፍተ ነገር ናት። ኃላፊውም ቀጣዩን ሐረግ ሲጠብቅ ቆይቶ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ግራ ገባው።

በመጨረሻ አንዷ ላም በአጥሩ ላይ አንገቷን አሻግራ ቡልቱጉን ስታሸት ፎቶ ተነሳ። ኃላፊው ሊሄድ ሲል ግን ሾፌሩን ጠርቶ ከማሳው ዳር ሁለት ትልልቅ እስር አሳጭዶ መኪናው ላይ አስጫነ። እቤቱ አንዲት ላም ነበረችው። አክስቴ መኪናው መስኮት ድረስ ሄዳ «አታብላት፤ እባክህ» አለችው። እሱ እንደ ልጅ አባብሎ «እሺ እናት፣ እሺ» አላትና መስኮቱን ዘጋው።

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ኃላፊው ደወለ። እቤቱ ያለችው ላም እየተንገዳገደች ነው፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ድዷ ጠቁሯል። አክስቴ ስልኩን ከጋሼ እጅ ነጠቀችና «የእንስሳት ሐኪም ጥራ፣ ምን እንደበላች ንገረው፣ አትደብቀው» አለች። ሐኪሙ ደረሰ። ደሟን ሲቀዳው ቀይ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሻይ ቡናማ ነበር። ሰማያዊ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጣት። ላሟ ተረፈች፤ በሆዷ የነበረው ጥጃ ግን በሦስተኛው ቀን ሞቶ ወጣ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ለኃላፊው አላዘነችም፣ ለላሟ ግን ሙሉ ቀን ከፍቷት ዋለች።

ከሳምንት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ወጣ። «ጉብኝቱ በስኬት ተጠናቀቀ» ይላል። ፎቶው ላይ የኃላፊው መነጽርና የላሟ አፍንጫ በእኩል ጎልተው ይታያሉ። ስለ ጥጃው አንድ ቃል የለም፤ ዓይን በጨው መታጠብ እንዲህ ነው።

ጎብኚዎቹ በሄዱበት ዓርብ፣ ስልኩ ከመደወሉ በፊት፣ አክስቴ የማታውን አለባ ስትጀምር ጋሼ በረት ገቡ። ደብተር አልያዙም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። እኔ የተሰፋ ሽርጥ ላቀብላት ሄጄ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱም አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

«አሥራ አንዱንም አንብበሻቸዋል?»

«አሥራ አንዱንም። ሌሎቹንም። ላሟ ወተቷን እስክታወርድ ድረስ ምን ልሥራ?»

ጋሼ ባልዲያቸውን ጠጋ አደረጉ። «እንዴት ነበሩ?»

«ረጅም።» የወተቱ ድምፅ ባልዲው ውስጥ ጥቂት ሄደ። «ግን ቁም ነገር አላቸው። ጥጃን ከእናቷ ስለ መለየት የጻፍከው ጠቅሞኛል። ሁለት ጥጃ አድኛለሁ በሱ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ አንድ ሰው አንብቤዋለሁ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ጋሼ። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

አክስቴ ፊቷን ሳታዞር መለሰች። «አንተስ ወተቱ እንዴት ነው ብለኸኝ ታውቃለህ?»

እኔም ሽርጡን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ቀን ቆጥረው ቡልቱጉን መልሰው ማጨድ ጀመሩ፤ ለጥንቃቄ ከታች ያለውን አገዳ ከፍ አድርገው ትተው። የሚያጭዱት ጋሼ ነበሩ። በመጀመሪያው ጠዋት አጨዱ ከማለት ከቡልቱጉ ጋር ተደባደቡ ማለት ይቀላል። እጃቸው ውሃ ቋጠረ፣ ወገባቸው ተያዘ፣ ባርኔጣቸውን ቀይዋ ላም በላችው። አክስቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ስቄያለሁ፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ በዚያ ምክንያት ጠሞብኝ ፈትቼ ሰፍቼዋለሁ። እየዋለ እያደረ ግን እጃቸው ተፈታ። እሸት ያወጣውንና የጠጠረውን የመንገድ ወገን ቆርጠው ጣሉት፤ ከሥሩ ካቆጠቆጠውም ዳግመኛ አበሉ። የሠፈሩ ላም አርቢዎች መጥተው ዘር ሲጠይቋቸው መሬት መቼ እንደሚሞቅ «እጅህን ክተትና እየው» እያሉ ይመልሱ ጀመር። ይህን ከማን እንደሰሙ አይናገሩም፤ ሁሉም ልማድ በአንድ በጋ አይለቅም።

በበጋው ማብቂያ ትንሿ የአክስቴ ልጅ ወለደች። አክስቴ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከላሞቿ ተለይታ አንድ ሌሊት ውጪ አድራ አታውቅም፤ ሁለቱን ታላላቅ ልጆቿን ሲወልዱ ያረሳቸው ሌላ ሰው ነው። ጋሼ «ሂጂ» አሏት። እሷ ሦስት ቀን አመነታች፤ በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ለአሥራ ሁለት ቀን ላሞቹን ያጠቡት፣ ያበሉት፣ ያለቡት ጋሼ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ጥቁሯ በእግሯ ብላቸው ሙሉ ባልዲ ወተት ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ያ ወተት ሸሚዛቸው ላይ ደርቆ፣ ድርቆሹን ከቡልቱጉ አስቀድመው እየሰጡ አገኘኋቸው። «አክስቴ ደውላ ነበር?» አልኳቸው። «አምስቴ» አሉ። «ስለ እኔ አንዴም አልጠየቀችም።» ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር።

አክስቴ ስትመለስ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ቀጥታ በረት ገባች። የላሞቹን ጎን በመዳፏ አንድ በአንድ ዳበሰች፣ ጡታቸውን አየች፣ ገንዳውን አሸተተች። ጋሼ ደግሞ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መጨረሻ ላይ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ላሞቹ ደህና ናቸው» አለች። «አንተ ግን ከስተሃል። ና፣ የሕፃኗን ፎቶ ላሳይህ፤ አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምስኪን።»